አንሺና ተነሺ፦ የሰው ፎቶግራፍ ንቀትን ሲያጸናና ሲሞግት

ባለፈው ሴሚስተር ለማስተማር ልምምድ በተመደብንበት ትምህርት ቤት አንድ ስሕተት ሠርተን ተመልሰናል። ይህን ጽሑፍ በዚህ ሰሌዳ ላይ እንድንለጥፍ ያነሣሣን እሱ ስለ ሆነ ከእሱ እንጀምራለን።

ክፍሉ አራተኛ ክፍል ነው። ተማሪው ከመብዛቱ የተነሣ በአንድ ዴስክ ላይ አራትም አምስትም ሆነው ተጣበው ይቀመጣሉ። በበሩ በኩል ባለው በመጨረሻው ዴስክ ላይ ግን አንዲት ልጅ ብቻዋን ትቀመጥ ነበር። ስለ ምን እንደ ሆነ ብንጠይቅ ቀጥ አድርጎ የሚነግረን ጠፋ። በኋላ በእረፍት ሰዓት አንዱ ልጅ ጠጋ ብሎ «እናቷ ሸክላ ትሠራለች» አለንና ሮጠ። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገውም፤ እውነቱን ለመናገር እኛም አላስፈለገንም። ቀሪውን ከየቤታችን ይዘነው የመጣን ነገር ነው። «ጠይብ»፣ «ቡዳ»፣ «ዐይኗ አያርፍብህ» ሲባል ሳይሰማ ያደገ ከመካከላችን ማን አለ?

ደግሞ እኮ በዚያ ሠፈር ወጡ የሚሠራው በእኒያ ሴት ድስት ነው፤ ቡናው የሚፈላው በእሳቸው ጀበና ነው፤ እንጀራውም የሚጋገረው በእሳቸው ምጣድ ነው። እጃቸው የሠራው ዕቃ ጓዳ ገብቶ ከምድጃ ላይ ሲቀመጥ ማንም ቅር አይለውም። ልጃቸው ከዴስኩ ስትጠጋ ግን ነውር ይሆናል። ዐፄ ምኒልክ ባለሙያውን በሥራው መስደብን በዐዋጅ የከለከሉት በእኛ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. ነው። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዴስኩ ግን አሁንም ባዶ ነው።

እኛም «ዝም ብለን አናልፍም» አልን። ከመካከላችን አንዱ ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ ነበረው። ቅዳሜ ዕለት ከሴትዮዋ ቤት ሄደን፣ እስከ ክርናቸው ድረስ ጭቃ ሆነው፣ ጎንበስ ብለው ሸክላ ሲያበጁ፣ ከኋላቸው የእሳቱ ጢስ ሲትጎለጎል አነሣናቸው። ከተማው ውስጥ ካለው ፎቶ ቤት ወስደን በትልቁ አሳጠብነው። ከሥሩም «ሸክላ ሠሪዋ እናታችን፤ ሥራ ክቡር ነው» ብለን ጻፍንና ሰኞ ጠዋት ከክፍሉ ግድግዳ ላይ ሰቀልነው። ፎቶግራፉ ግሩም ነበር፤ ይህን አንክድም፤ እንዲያውም ስንኮራበት ነበር። ልጆቹ ተሰብስበው በጣታቸው እየጠቆሙ ሳቁ። ልጅቷ ከበሩ ላይ ቆማ አየችውና ተመለሰች። ማክሰኞም አልመጣችም፤ ረቡዕም አልመጣችም።

ፎቶግራፉን አውርደን ነገሩን ለተቋማችን መምህር አጫወትናቸው። እሳቸውም ብዙ አልተናገሩም። «ለመሆኑ ሴትዮዋ ይህን ፎቶግራፍ አይተውታል?» አሉን። አላዩትም። «ከሥሩ የተጻፈውንስ ሰምተውታል?» አልሰሙትም። «እንግዲያው ፎቶግራፉ የእናንተ ነዋ፤ የእሳቸው አይደለም» አሉና ወደ ቤተ መጻሕፍት ሰደዱን። ከዚህ ቀጥሎ የምናቀርበው ከዚያ ያገኘነውንና እርስ በርስ የተከራከርንበትን ነው። የውጭ አገሩ ታሪክ ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልን።

ፎቶግራፍ ለዓለም ይፋ የሆነው በ1839 ፓሪስ ላይ ነው። ዳጌር የተባለው ፈረንሳዊ ያወጣው ዘዴ ምስሉን ብር በተለበጠ የመዳብ ዝርግ ላይ የሚያስቀር ሲሆን፣ ከአንዱ ዝርግ የሚገኘው አንድ ምስል ብቻ ነው፤ አይባዛም። ተነሺውም ለብዙ ሴኮንድ፣ በመጀመሪያዎቹ ጊዜያትማ ለደቂቃዎች ሳይነቃነቅ መቆየት ስለ ነበረበት ጭንቅላቱን ከኋላ የሚደግፍ ብረት ይደረግለት ነበር። ከዚያ በፊት መልኩን ለልጅ ልጅ ማስቀረት የሚችለው ሠዓሊ ለመቅጠር ዐቅም ያለው ብቻ ነበር። ሠዓሊው ደግሞ እንዳየው ሳይሆን እንደ ወደደው ይሥላል። ስለ ካሜራው ግን «መሣሪያ ነው፤ አይዋሽም» ተባለ። ይህ እምነት መያዝ አለበት፤ ናቂውም ተናቂውም ወደ ካሜራ የሮጡት ስለዚሁ ነውና።

መጀመሪያ ናቂውን እንይ። ሉዊ አጋሲ በስዊዘርላንድ ተወልዶ በአሜሪካ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የሆነ፣ በዘመኑ ስሙ የገነነ የተፈጥሮ ሳይንስ ሊቅ ነበር። የሰው ዘሮች ከአንድ ምንጭ አልመጡም፤ ጥቁርና ነጭ ለየብቻ የተፈጠሩ ናቸው የሚል አሳብ ያራምድ ነበር። ይህንኑ በማስረጃ ለማስደገፍ በ1850 በሳውዝ ካሮላይና ክፍለ ሀገር፣ ኮሎምቢያ በተባለችው ከተማ፣ ጆሴፍ ዚሊ የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ በባርነት የተያዙ ሰዎችን እንዲያነሣ ተደረገ። ሰባት ሰዎች ናቸው፤ ወንዶችም ሴቶችም አሉበት። ልብሳቸውን ከወገባቸው በላይ፣ አንዳንዶቹም ሙሉ በሙሉ ተገፈው፣ ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ ተነሡ። ፈቃዳቸውን የጠየቀ የለም፤ ባሪያ ይጠየቅ የሚል ሕግም አልነበረም። ከእነሱ አንዱ ከኮንጎ የመጣ ሬንቲ የተባለ ሽማግሌ ነው። ልጁ ዴሊያም ተነሥታለች። አባት እያለ ልጅ፣ ልጅ እያለች አባት እንዲያ ሆነው ከካሜራ ፊት መቆማቸውን ስናስብ እኛ ራሳችን ማንበቡን አቋርጠን ነበር።

ዝርጎቹ ተረስተው ኖረው በ1976 ከሃርቫርድ የፒቦዲ ሙዚየም ጣሪያ ሥር ከዕቃ መካከል ተገኙ። ነገሩ በዚያም አላበቃም። የሬንቲ ዘር ነኝ ያሉ አንዲት ሴት በ2019 ዩኒቨርሲቲውን ከሰሱ። ክርክሩ ብዙ ዓመት ፈጅቶ በ2025 በስምምነት ሲያልቅ ምስሎቹ ከሃርቫርድ እጅ ወጥተው በሳውዝ ካሮላይና፣ በቻርልስተን ከተማ ወደሚገኘው የአፍሪካ አሜሪካውያን ሙዚየም እንዲሄዱ ተወሰነ። ፎቶግራፍ ከተነሣ ከ175 ዓመት በኋላ «የማን ነው?» ተብሎ ያከራክራል ማለት ነው። መምህራችን በአንድ ዓረፍተ ነገር የጠየቁንም ይህንኑ ነበር።

አሁን ወደ ሌላው ወገን እንሻገር። ፍሬደሪክ ዳግላስ በሜሪላንድ በባርነት ተወልዶ በ1838 ያመለጠ ሰው ነው። ከዚያም በንግግሩና በጋዜጣው የባርነት ዋና ተቃዋሚ ሆነ። ይህን ብዙዎቻችን በታሪክ ትምህርት በጥቂቱም ቢሆን ሰምተነው ይሆናል። ያልሰማነው ነገር፣ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ከነበሩት አሜሪካውያን መካከል የዳግላስን ያህል ብዙ ጊዜ ፎቶግራፍ የተነሣ ሰው አለመገኘቱን ነው። እስካሁን የታወቁት ልዩ ልዩ ፎቶግራፎቹ ወደ 160 ይደርሳሉ፤ ከፕሬዚዳንት ሊንከን ይበልጣሉ። ታዲያ መልኩን መውደዱ ነው? አይደለም። ዳግላስ ነጭ ሠዓሊዎች የጥቁርን ፊት ሲሥሉ በጭንቅላታቸው ውስጥ አስቀድሞ ያለውን ጥቁር እንጂ ከፊታቸው የተቀመጠውን እንደማይሥሉ አበክሮ ጽፏል። ከንፈር ይገንናል፤ ግንባር ይቀነሳል። የባርነት ደጋፊዎች በሚያወጧቸው ሥዕሎች ደግሞ ባሪያው ሁልጊዜ ጥርሱን ገልጦ ይስቃል፤ በኑሮው ደስ ያለው ነው መባሉ ነው።

ስለዚህ ዳግላስ ካሜራ ፊት ሲቀመጥ ያላሰበበት ነገር የለም። ሙሉ ልብስ፣ ንጹሕ ኮሌታ፣ የተበጠረ ጠጉር፣ ኮስተር ያለ ፊት። በፎቶግራፎቹ ላይ አይስቅም። ይህ ኩራት እንዳይመስለን፤ ያን የሚስቅ ባሪያ ለመሻር ሆን ብሎ ያደረገው ነው። በ1861 ቦስተን ላይ ስለ ምስል ንግግር ባደረገ ጊዜም ዳጌር ያወጣው ጥበብ ድሮ ንጉሥ እንኳ በገንዘቡ የማያገኘውን ምስል ለተራዋ የቤት ሠራተኛ አድሏታል የሚል አሳብ አቅርቧል። እንደ እኛ አስተያየት ከዳግላስ ሥራ ትልቁ ይህ ነው። ፎቶግራፍ አንሺ አልነበረም፤ ካሜራም አልነበረውም፤ ነገር ግን ተነሺ መሆንን ሥራ አደረገው። ተነሺ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው ነው ብለን ስናስብ ለኖርን ሰዎች አዲስ ነገር ነው።

ሌላዋ ሶጆርነር ትሩዝ ናቸው። እሳቸውም በኒውዮርክ ክፍለ ሀገር በባርነት ተወልደው ነፃ የወጡ፣ ማንበብና መጻፍ የማያውቁ፣ ነገር ግን በንግግራቸው አዳራሽ የሚያናውጡ ሴት ነበሩ። በዚያን ጊዜ ከኔጋቲቭ በወረቀት ላይ የሚባዛ፣ መዳፍ የማያህል ርካሽ ፎቶግራፍ ወጥቶ ነበር። ትሩዝ ነጭ ቆብና ነጠላ መሰል ልብስ ለብሰው፣ የሹራብ ሥራቸውን ይዘው ተነሡና ፎቶግራፉን እየሸጡ ኑሯቸውንና ትግላቸውን ደገፉበት። ከሥሩም ጥላቸውን የሚሸጡት አካላቸውን ለማኖር መሆኑን የሚገልጽ አጭር ቃል አሳተሙበት። በ1864 ደግሞ የፎቶግራፉን ባለመብትነት በራሳቸው ስም አስመዘገቡ። ብዙ ጊዜ ይህ መብት የአንሺው ነበር። ገላዋ በገበያ ይሸጥ የነበረ ሴት ምስሏን ራሷ ስትሸጥ፣ ሒሳቡንም ራሷ ስትቀበል ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

ይህን ሁሉ ስናነብ ከመካከላችን አንዷ «እንግዲያው ነገሩ ቀላል ነው፤ ስም መጻፍ ነው። እኛ ሸክላ ሠሪ ብለን ጻፍን እንጂ ስማቸውን አልጻፍንም» አለች። እውነት መሰለን። በኋላ ግን አልሆነም። የሬንቲ ዝርግ ላይ ለካ ስሙ ተጽፏል፤ ከየት እንደ መጣም ተጽፏል፤ ከዚያ ቀጥሎ የጌታው ስምና እርሻ ተጽፏል! በሌላ በኩል ስም የሌለባቸው ሆነው ሰውን ያስከበሩ ፎቶግራፎች አሉ። እነዚህ የዱ ቦይስ አልበሞች ናቸው።

ደብልዩ. ኢ. ቢ. ዱ ቦይስ በ1900 የሠላሳ ሁለት ዓመት ሰው፣ በአትላንታ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። በዚያ ዓመት ፓሪስ ላይ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን ስለ አሜሪካ ጥቁር ሕዝብ የሚያስረዳ አንድ ትርኢት ሲዘጋጅ፣ ዱ ቦይስ በእጅ የተሠሩ የቁጥር ሠንጠረዦችና 363 ፎቶግራፎች የያዙ አልበሞች አቀረበ። ከፎቶግራፎቹ ብዙዎቹን ያነሣው ቶማስ አስኪው የተባለ የአትላንታ ጥቁር ፎቶግራፍ አንሺ ነው። ዘመኑን እናስታውስ፤ ከአንድ ዓመት በፊት፣ በሚያዝያ 1899፣ ከአትላንታ ብዙ በማይርቅ ስፍራ ሳም ሆዝ የተባለ ጥቁር ሠራተኛ ብዙ ሕዝብ በተሰበሰበበት ያለ ፍርድ ተሠቃይቶ ተገድሏል። በዚያ ዘመን የእንዲህ ያለውን ግድያ ፎቶግራፍ እንደ ፖስታ ካርድ አሳትሞ መሸጥ የተለመደ ነበር። ዱ ቦይስ የተጋጠመው ከእንዲህ ያለው ካሜራ ጋር ነው።

የመጀመሪያዎቹን አልበሞች ገጽ ስንከፍት ሰው ከፊትና ከጎን ተነሥቶ ተደርድሯል። ይህ አነሣሥ የአጋሲ አነሣሥ ነው፤ የወህኒ ቤት ፎቶግራፍም እንዲሁ ነው። አርእስቱ ራሱ የጆርጂያ ጥቁሮችን «ዓይነቶች» ለማሳየት ይላል፤ «ዓይነት» ማለትም የዘር ሳይንቲስቶች ቃል ነበር። ነገር ግን ሰዎቹ ለብሰዋል፣ ተኳኩለዋል፣ ልጅቷ ሪባን አስራለች፣ ወጣቱ ክራባት አድርጓል። ጥቁር ጠይም አለ፤ ቀይ አለ፤ ነጭ ነው ብለው የሚምሉበትም አለ፤ ሕጉ ግን ሁሉንም በአንድ ስም ይጠራቸዋል። የባላጋራን ጦር ነጥቆ በራሱ ላይ ማዞር ይሏል ይህ ነው። ትርኢቱ ሜዳሊያ አግኝቷል፤ ለዱ ቦይስም የወርቅ ሜዳሊያ ተሰጥቶታል። ስም ግን በፎቶግራፎቹ ሥር የለም፤ ስለዚህም ዛሬ የብዙዎቹ ማንነት አይታወቅም። ይህን እንደ ጉድለት የቆጠርነው አለን፤ ዱ ቦይስ ያሳየው ሕዝብ እንጂ ግለሰብ አይደለም ብሎ የተከራከረም አለ። አልተስማማንም።

የተስማማንበት ግን አለ። ስሙም፣ ልብሱም፣ ጎኑም ብቻውን አይበቃም፤ ዋናው ተነሺው በየትኛው ጉዳይ ላይ ቃል ነበረው የሚለው ነው። መነሣቱን ማን ወሰነ? ምን ለብሶ፣ ምን ይዞ፣ ወዴት እያየ? ከሥሩ የሚጻፈውን ማን መረጠ? ማን ያየዋል? ማን ዘንድ ይቀራል? ሬንቲ ለአንዱም ጥያቄ ቃል አልነበረውም። ትሩዝ ለሁሉም ነበራቸው። የእኛዋ እናት ደግሞ፣ ሐቁን እንናገርና፣ «እናንሣዎት?» ስንላቸው «እሺ» ከማለት በስተቀር ምንም አልነበራቸውም። «እሺ»ም ያሉት አስተማሪ ናቸው ብለው ይመስለናል።

እዚህ ላይ ስለ መሣሪያው ራሱ ትንሽ እንበል፤ ምክንያቱም ንቀት በፊልሙ ውስጥም ገብቶ ነበር። በቀለም ፊልም ዘመን ኮዳክ የተባለው ትልቁ የፊልም ኩባንያ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች የአንዲት ነጭ ሴት ፎቶግራፍ ያለበት ካርድ ይልክ ነበር። በመጀመሪያዋ ሴት ስም «ሸርሊ ካርድ» ይባላል። ማሽኑ የሚስተካከለው የእሷ ቆዳ አምሮ እስኪወጣ ድረስ ነው። በዚያ የተስተካከለ ፎቶግራፍ ላይ ነጭና ጥቁር ተማሪ ጎን ለጎን ሲነሡ የነጩ ፊት ይታያል፤ ከጥቁሩ ግን ዐይንና ጥርስ ብቻ ይቀራል። እናቶች ስለ ልጆቻቸው የትምህርት ቤት ፎቶግራፍ አቤት ቢሉም ብዙ ሰሚ አልነበረም። የቸኮላታና የእንጨት ዕቃ ነጋዴዎች የሸቀጣቸው ቡናማ ቀለም በትክክል አልወጣም ብለው ሲያመለክቱ ነው ፊልሙን የማሻሻሉ ሥራ የተፋፋመው። የተለያየ ቆዳ ያላቸው ሴቶች ያሉበት ካርድ የወጣው በ1990ዎቹ ነው።

በዛሬው ስልክም ቢሆን ተጠንቀቁ። ካሜራው የሚያየውን ብርሃን ሁሉ አማካይ ያወጣና ጠቅላላውን ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ይሞክራል። ሰውን በኖራ በተቀባ ግድግዳ ወይም በቀትር ሰማይ ፊት ብታቆሙት ካሜራው «ብርሃን በዛ» ብሎ ይቀንሳል፤ የተቀነሰውም ከሰውየው ፊት ላይ ነው። የተቋማችን የምርቃት ፎቶግራፎች አብዛኞቹ የጋወን ክምር የሚመስሉት ስለዚሁ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሰውየውን ከበር ወይም ከመስኮት አጠገብ፣ ከጣሪያ ጥላ ሥር አስቀምጡት፤ ከኋላው ጠቆር ያለ ነገር ይሁን፤ ስልኩ ላይ ፊቱን በጣት ንኩትና ብርሃኑን በፊቱ ልክ አስተካክሉ። ካሜራውንም ከዐይኑ ትይዩ አድርጉት። ከላይ ወደ ታች ሲነሣ ሰው ያንሳል፤ እኛ ያችን እናት ቆመን፣ እሳቸው ጎንበስ ብለው ነበር ያነሣናቸው።

ጉርድ ፎቶግራፍ እንደ ቦታው መታሰሪያም እንደሚሆን ደቡብ አፍሪካ ምስክር ናት። በአፓርታይድ ዘመን ጥቁሩ ሕዝብ ፎቶግራፉ ያለበትን የይለፍ ደብተር ይዞ ካልተገኘ ይታሰር ነበር። በ1970 በአሜሪካ የፖላሮይድ ኩባንያ ሠራተኞች የነበሩ ሁለት ጥቁሮች፣ ካሮላይን ሃንተርና ኬን ዊልያምስ፣ የኩባንያቸው ካሜራ ለዚያ ሥርዐት መታወቂያ ማዘጋጃ መዋሉን ተረድተው ተቃውሞ አስነሡ። ሥራቸውን አጡ፤ ኩባንያው ግን በ1977 ከደቡብ አፍሪካ ገበያ ወጣ።

አሁን ወደ ስሕተታችን እንመለስ። አንድ የቀረ ነገር ነበር፤ እሱንም ያስተማረን አውጉስት ሳንደር የተባለው ጀርመናዊ ፎቶግራፍ አንሺ ነው። ሳንደር ገበሬውን፣ ኬክ ጋጋሪውን፣ ተማሪውን፣ ባለጸጋውን በአንድ ዓይነት አነሣሥ፣ ቀጥ ብለው እያዩት ያነሣ ነበር። በ1929 ስድሳ ፎቶግራፎች ያሉበት መጽሐፍ አወጣ። ናዚዎች በ1936 የመጽሐፉን የማተሚያ ሰሌዳዎች አጠፉበት፤ ጀርመን ሁሉ አንድ መልክ ነው ለሚል መንግሥት የጀርመንን ልዩ ልዩ ፊት ጎን ለጎን መደርደር አልተመቸውም። እዚህ ላይ ነው የገባን። እኛ እኒያን ሴት ከግድግዳው ላይ ብቻቸውን ነበር የሰቀልናቸው፤ ልጃቸው ዴስክ ላይ ብቻዋን እንደ ተቀመጠችው።

ልምምዳችን ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ሲቀረው እንደገና ከቤታቸው ሄድን። ፎቶግራፉን አሳየናቸው፤ ይቅርታም ጠየቅን። ለረጅም ጊዜ አዩትና «ልጆቼ፣ ብትነግሩኝ ኖሮ ልብሴን እቀይር አልነበር?» አሉን። ሌላ ወቀሳ አልወጣቸውም። እኛ ግን ከዚያ የባሰ ቃል አልሰማንም። ሥራቸውን ሳንጠቅስ ስማቸውን ብቻ እንጽፍ እንደ ሆነ ብንጠይቃቸው ተቆጡ። «ሥራዬንማ ጻፉት! እኔ ያላፈርሁበትን እናንተ ለምን ትደብቁታላችሁ?»

ቀጥለን ልጅቷን ጠየቅናት። መሬት መሬት እያየች «ብቻዋን አትስቀሏት» አለች። ስለዚህ የክፍሉን ልጆች ወላጆች በፈቃዳቸው ማንሣት ጀመርን። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ ልብስ ሰፊው፣ ሁለት ገበሬዎች፣ ጠላ ሻጯ፣ የጤና ረዳቷ፣ ባለ ሱቁ ተነሡ። ሁሉም በአንድ ልክ፣ በጥላ ሥር፣ በወንበር ላይ፣ የሥራቸውን ዕቃ እንደ መረጡት ይዘው። ገበሬው ሞፈሩን አልፈልግም ብሎ ሬዲዮኑን ይዞ ተነሣ። የልጅቷ እናት ነጭ ቀሚሳቸውንና ነጠላቸውን ለብሰው፣ ከሠሩት ሁሉ ትልቁን ጋን አስወጥተው፣ እጃቸውን ከአፉ ላይ አሳርፈው ተነሡ። ከሥሩም የራሳቸውና የአባታቸው ስም፣ ሸክላ መሥራት ከእናታቸው መማራቸውና ከስንት ዓመታቸው ጀምሮ እንደሚሠሩ እሳቸው እንደ ነገሩን ተጻፈ።

አሥራ አንድ ፎቶግራፍ ሰቀልን። ልጆቹ መጀመሪያ የሮጡት እያንዳንዳቸው ወደየወላጆቻቸው ነው፤ ከዚያ የሌላውን ማንበብ ጀመሩ። «ይህ ጋን እኛ ቤት ካለው ጋር አንድ ነው» ያለ ልጅ ሰምተናል። ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብለን አንዋሽም። በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ልጅ ሳትታዘዝ ወደዚያ ዴስክ ተዛወረች። በማግሥቱ አባቷ መጥተው ከርእሰ መምህሩ ጋር ተነጋግረው ወደ ቀድሞ ቦታዋ አስመለሷት። ቀጥሎ የመጣ አንድ ልጅ ግን እስከ ወጣንበት ቀን ድረስ አልተነሣም፤ አባቱ ያ ባለ ሬዲዮኑ ገበሬ ነው። የዱ ቦይስ አልበም ሜዳሊያ ባገኘበት ዓመትና ከዚያም በኋላ በአሜሪካ ያለ ፍርድ መግደሉ አልቆመም ነበር፤ ከአሥራ አንድ ፎቶግራፍ ብዙ አልጠበቅንም።

ልምምዳችን ሲያልቅ ፎቶግራፎቹን አውርደን ለየባለቤቶቹ ሰጠን። የልጅቷ እናት ሌላ አንድ ቅጂ ጨምረን እንድናሳጥብላቸው ለመኑን፤ እህታቸው ጋ ሊልኩት ነው። ገንዘቡን ካልከፈልሁ አልወስድም ብለው ከፈሉ።

ይህን ያነበቡ አንዳንድ ጓደኞቻችን «ታዲያ ፎቶግራፉን ከዚህ ጽሑፍ ጎን ለምን አትለጥፉትም? ስማቸውስ የት አለ?» ብለው ጠይቀውናል። እሳቸው የፈቀዱት ለዚያ ክፍል ግድግዳ ነው። ስለዚህ ሰሌዳ አልጠየቅናቸውም።